የሸጋው ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር

ሸጋው ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። የማያውቁት ሰዎች አንገቱን የደፋ ዓይን አፋር ያደርጉታል። ዓይን አፋርነት እንኳ የለበትም፤ ላሊበላ ውስጥ እንደ እሱ ወሬ የሚወድ ጫማ ጠባቂ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። እግር እግር የሚያሳየው ሥራው ነው። እንግዶች ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ በር ጫማቸውን አውልቀው ይገቡና ውስጥ ለውስጥ ሄደው በሌላ በር ይወጣሉ። ሸጋው ደግሞ ጫማቸውን አቅፎ በውጭ በኩል ዞሮ መውጫው ላይ ይጠብቃቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ሲያቅፍ ኖሮ፣ አሁን ሶሉን ገልበጥ አድርጎ አይቶ ባለቤቱን የት የት ላይ እንደሚያመው ይናገራል።

"እርስዎን ቀኝ ወገብዎን ያምዎታል" አላቸው አንድ ቀን ከወልድያ የመጡ ሰውዬን። ሰውየው ጠንቋይ እጅ የወደቁ መስሏቸው አማተቡ። ሸጋው ጫማቸውን አገላብጦ የቀኙ ተረከዝ በአንድ ጎን እንዴት እንደተበላ አሳያቸውና እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በሦስት ምስማርና በአንዲት ቁራጭ ጎማ አስተካከለላቸው። በማግስቱ ሰውየው ሌላ ሁለት ጥንድ ይዘው መጡ። ከገበያው በላይ ያለችው የጫማ ማደሻ ቤቱ የተጀመረችው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረው ሩጫ ነው። የሸጋው አገሩ በብልባላ በኩል ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ አንድ አሠልጣኝ አይቶት ደሴ ወዳለ ክለብ ወሰደው፤ እዚያም አምስት ዓመት ሮጠ። አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። አቋርጦም አያውቅም። ጓደኞቹ ገና ከመነሻው ተፈትልከው ይወጡና መጨረሻ ላይ እግራቸውን ሲጎትቱ ይደርስባቸዋል። እሱ በጀመረበት እርምጃ ይጨርሳል፤ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ፣ አንዳንዴም አምስተኛ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ክለቡ አዲስ አበባ ላይ ለሚደረግ ማራቶን አስመዘገበው። የመጀመሪያው ማራቶኑ ነው። እስከ ስድስተኛ የገባ ውጭ አገር ሄዶ ይወዳደራል ተብሏል። አሠልጣኙም "ያንተ ርቀት ገና አሁን መጣ" አለው።

ከውድድሩ ሁለት ወር በፊት ውጭ ደርሶ የተመለሰ አንድ የክለቡ ነባር ሯጭ አዲስ የመሮጫ ጫማ ከነካርቶኑ ሰጠው። ሸጋው እንዲህ ያለ ጫማ በእጁም ነክቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ አጥልቆት ይሮጥ ነበር። ሸጋው ግን ያደገው አዲስ ነገር በአዘቦት ቀን በማይነካበት ቤት ነው። እናቱ በኅዳር የገዛችለትን ሸሚዝ እስከ ጥምቀት ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ታቆየው ነበር፤ ቢለምን፣ ቢያለቅስም አትሰጠውም። ጫማውንም ለትልቁ ቀን አስቀመጠው። ልምምዱን በአሮጌው ይሠራል። ወደ ክፍሉ ሲመለስ ካርቶኑን ከፍቶ አዲሱን ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ክሩን ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይከድነዋል።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አጠለቀው። እስከ ሃያ አንደኛው ኪሎ ሜትር ድረስ አንዴ አምስተኛ አንዴ ስድስተኛ እየሆነ ሮጠ። ከዚያ ተረከዙ ያቃጥለው ጀመር። ቀጥሎ ጣቶቹ ውኃ ቋጠሩ፣ ፈነዱ። ጫማው ውስጥ እርጥበት ሲሰማው ላብ መስሎት ነበር፤ ደም ነው። ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገድ ዳር ተቀመጠ።

አሠልጣኙ እየሮጠ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅለት ያየውን ማመን አቃተው።

"ይህን ጫማ መቼ ነው የጀመርከው?"

"ዛሬ።"

"ለምን?"

"አዲስ ነው እኮ ጋሼ። ለበዓል ብዬ ነው ያቆየሁት።"

አሠልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ አስፋልቱ ላይ ዝርፍጥ አለ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልመጣለትም።

እግሩ አመረቀዘ፣ ለመዳን አራት ወር ፈጀ፤ ክለቡም በሌላ ልጅ ተካው። ሸጋው ወደ ላስታ ተመለሰ። ከአርባ ሁለቷ ሃያ ስምንቷን ሮጧል፤ ዐሥራ አራት ቀረችው። ስለዚያች ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሲያወራ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ነው የሚመስለው። ሚስቱ ደመቀች መጀመሪያ መጀመሪያ አብራው ታዝን ነበር። ስድስተኛው ዓመት ላይ ግን ሐዘኑ ሰለቻትና ትቀልድበት ጀመር። ጨው ግዛ ብላው ሲዘገይ "ምነው፣ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ቀረህ እንዴ?" ትለዋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሩጫን ረግሞ ይቀር ነበር። ሸጋው ግን እግሩ ከዳነ በኋላ ረጋ ብሎ ሲያስበው፣ የከዳው ሩጫው ሳይሆን ያቺ የሣጥን ቁልፍ መሆኗ ገባው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በትልቅ ቀን አይጀምርም። አዲስ ማስቲሽ ሲመጣ፣ አዲስ ዓይነት ጎማ ሲያገኝ፣ አስቀድሞ በራሱ ጫማ ላይ ሞክሮ በአዘቦት ቀን አንድ ወር ይሄድበታል። አንዳንዴ ሁለት ነገር ለማወዳደር ሲል ቀኙን በአንድ ዓይነት፣ ግራውን በሌላ ዓይነት ጫማ ያደርጋል። ደመቀች "ባሌ ለሁለት እግሩ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሰው ምን ይለናል?" እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። እጁ እስኪለምድም የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ተረከዝ ብቻ ነበር የሚጠግነው። ሙሉ ሶል ቀይርልን የሚሉትን "ገና ነኝ" ብሎ ይመልሳቸው ነበር። በመመለሱ የተቀየመ አልነበረም፤ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ተመልሰው መጡ።

ቀጥሎ ክፉ ጊዜ መጣ። መጀመሪያ በሽታው፣ በላዩ ላይ ጦርነቱ። እንግዳ ድራሹ ጠፋ፤ ሆቴሎቹ ተዘጉ፤ ስንቱ አስጎብኚ ከተማውን ጥሎ ሄደ። ሸጋው የሚያቅፈው ጫማ ሲያጣ ከገበሬው የተቀደደ ኮንጎ ጫማ እየተቀበለ በጋለ ብረት ፕላስቲኩን አቅልጦ ይለጥፍ ጀመር። ሽታው ቤት አያስገባም። ደመቀች እስከ መቼ በዚህ እንኖራለን ስትለው "እስከ ቅዳሜ ገበያ ብቻ እንድረስ" ይላታል። ቅዳሜ ሲያልፍም ያንኑ ይደግምላታል። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሯጭ መጨረሻውን ካሰበ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የሚያስበው ቀጥሎ ውኃ የሚሰጥበትን ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ እያሉ በቅዳሜና በቅዳሜ ተጎትተው ያን ዘመን አለፉት። አሁን እንግዳው በርከት ባይልም መምጣት ጀምሯል፤ ገበሬውም የኮንጎ ጫማውን ውለታ አልረሳለትም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ዘንድሮ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ የራሱን ሕግ በራሱ እጅ አፈረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሥጋናው የሚባለው ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው "የሰው ጫማ በፊትና በእግር ማስታወስ እስከ መቼ ነው? ቁጥር አድርግበት፤ ዘመኑ የቁጥር ነው" ብሎ ወተወተው። ሸጋው ከካርቶን ቁጥር ቁጥር ቆርጦ አዘጋጀ። አንዱን ጫማው ውስጥ ይከተዋል፣ መሰሉን ለባለቤቱ ይሰጠዋል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን መቼ ጀመረው? ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ ከየአገሩ የመጣው ምእመን በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ እግር መጣያ ባሳጣበት ጠዋት።

ማልዳ የመጣችው የትናየት ናት። የትናየት የላስታ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ ውጭ አገር የመጀመሪያ ማራቶኗን ትሮጣለች። ማርያምን ሳልሳለማት አልሄድም ብላ ተስላ ነበርና፣ በዋዜማው መጥታ አድራ፣ ከቅዳሴ በኋላ በስምንት ሰዓቱ አውሮፕላን ልትመለስ ነው። ሰማያዊ የመሮጫ ጫማዋን አውልቃ በሁለት እጇ ሰጠችው።

"አደራ ጋሽ ሸጋው። ሦስት ወር ያሟሸሁት ነው፤ ሌላ የለኝም።"

ሸጋው ከልማዱ አልወጣም፤ ገልበጥ አድርጎ አየው። "ግራ እግርሽ ከቀኙ ያጥራል።"

"ትንሽ ነው። ሐኪም አስለክቶ ውስጡን አሠርቶልኛል፤ ያለሱ ዳሌዬ አያስሮጠኝም።"

እሷ ከገባች በኋላ አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ መጡ። አረጋ እባላለሁ፣ ከብልባላ ነው የመጣሁት አሉት። እሳቸውም ሰማያዊ የስፖርት ጫማ አውልቀው ሰጡት፤ ያው ቀለም፣ ያው ነጭ መስመር። "የልጅ ልጄ ስሜነሽ ከአረብ አገር የላከችልኝ ነው፤ ሰው እንዳይወስድብኝ" ብለው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁት። ሁለቱም ቁጥራቸውን ተቀበሉ።

ሸጋው ሃያ ጥንድ ያህል ጫማ ተሸክሞ ወደ መውጫው ሲዞር ደረጃው ላይ አዳለጠው። አልወደቀም። አራት አምስት ካርቶን ግን ከጫማዎቹ ውስጥ ወደቁ፤ እየተጣደፈ ለቅሞ መለሳቸው። አያ አረጋ ሲወጡ ቁጥራቸውን አሳዩት፤ ቁጥሩን አይቶ ሰጣቸው። ሃያ ዓመት እንደለመደው እግራቸውን አላየም። ሽማግሌው መርቀውት ሄዱ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የትናየት ወጣች። እግሯን ጫማው ውስጥ ከተተችና ቀጥ አለች።

"ጋሽ ሸጋው፣ ይህ የኔ አይደለም።"

ሸጋው ተቀብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሐኪሙ ያሠራው የለም። ሶሉን ገለበጠ፤ እንደ ተገዛ ነው፣ ጭረት የለበትም። ክው አለ።

የትናየት ሁኔታውን አይታ አዘነችለት መሰለኝ፣ "ግድ የለም፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደኝ መኪና ይመጣል፤ እዚያ ስደርስ አዲስ እገዛለሁ" አለችው።

"አዲስ አይሆንም!" ብሎ ጮኸ ሸጋው። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ያ አስፋልት ላይ የተቀመጠ መሰለው። የዚህች ልጅ የመጀመሪያ ማራቶን እንደ እሱ መንገድ ዳር ቢቀር፣ ያስቀረው እሱ ነው። ጫማ የማደስ ሙያውም፣ ስሙም፣ ሰው "አደራ" ብሎ በሁለት እጁ የሚያቀብለው እምነትም ከዚያ ወዲያ ምን ዋጋ አለው?

ያልተሄደበትን ሶል እንደገና አየና እንደ ባለሙያ አሰላው። ሽማግሌው በዚህ ጫማ ሄደው አያውቁም ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ የሌላ ሰው እግር የተለካበት ጫማ አጥልቀዋል። ከከተማው ሳይርቁ እግራቸው ይላጥና ያነክሳሉ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ እደርስባቸዋለሁ አለ። የብልባላ ሰው በእግሩ ሲመለስ በአቋራጩ ነው የሚሄደው፤ አቋራጩ ባጃጅም ሞተርም አያስኬድም። ቦታውን ለምሥጋናው አስረክቦ፣ የሽማግሌውን ጫማ በክሩ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ተነሣ። እግሩ ላይ ያለው ያው የሙከራ ጫማው ነው፤ ቀኙ ቡናማ፣ ግራው ጥቁር።

ሸጋው አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁልቁለቱን ሲጀምር ልቡ ተፈትልከህ ሂድ አለው። እሱ ግን "ቀስ" አለ፤ ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ ራሱን። የጀመረበትን ትንፋሽ ይዞ መጨረስ እንጂ ሌላ ጥበብ ኖሮት አያውቅም። ከተማውን ለቀቀ። አንድ ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ሁለትም አለፈ። የሚያነክስ ሽማግሌ የለም። ከበዓሉ የሚመለሱ ሰዎች "ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?" እያሉ ይጠይቁታል። አንገቱ ላይ ጫማ አንጠልጥሎ፣ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ያላሳሰባቸው ምን ያሳስባቸው!

አቧራው ላይ ዱካ ይፈልጋል። የየትናየትን ሶል በሚገባ አይቶታል፤ ጥርሱን ዓይኑን ጨፍኖ ሊስለው ይችላል። አቧራው ላይ የአህያ ኮቴ አለ፣ የኮንጎ ጫማ አለ፣ ባዶ እግር አለ። የዚያ ጫማ ዱካ የለም። አራተኛው ኪሎ ሜትር ግድም ሽንኩርት በሁለት አህያ ጭና ወደ ከተማ የምትወጣ ኸዲጃ የምትባል ነጋዴ አገኘ፤ ኮንጎ ጫማዋን የሚያድስላት እሱ ነው።

"ኸዲጃ፣ ሰማያዊ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ አላየሽም?"

"ጫማ ያደረገስ ሽማግሌ አላየሁም ወላሂ። ባዶ እግራቸውን የሚገሰግሱ አንድ አያ ግን አሉ፤ አንተ ሯጩ እንኳ አትደርስባቸው።"

"እኔ የምፈልጋቸው ጫማ አድርገዋል።"

"እንግዲያ እሳቸው አይደሉማ። አብሽር፣ ታገኛቸዋለህ" ብላ አህዮቿን ነዳች።

ሸጋው ቆመ። በሌላ መንገድ ሄደዋል ማለት ነው፤ ምናልባት ወደ ነአኩቶ ለአብ ሊሳለሙ ዞረዋል፤ ያ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ነው። ስልኩን አየ፤ ለአራት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ጉዳይ። አሁን ካልተመለሰ በየትም በኩል አይደርስም። ሆድ ባሰው። ያ ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር እግር አውጥቶ እዚህ ድረስ የተከተለው መሰለው።

አንገቱን ያሳከከው የጫማው ክር ነው። ሊያስተካክለው ሲል ዓይኑ ክሩ ላይ ቀረ። ሶሉ ንጹሕ ነው። ክሩ ግን ጫፉ ተበጣጥሷል፤ በመታሰርና በመፈታት ብዛት የተበጣጠሰ ክር ነው። ማንም ያልሄደበት ጫማ ክሩ እንዴት ያልቃል? ሸጋው መልሱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ደሴ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ራሱ ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ክር ሲያስርና ሲፈታ ነበር።

"ወይኔ አያ አረጋ!" ብሎ ብቻውን ሳቀ። እንደገና ሮጠ።

ባዶ እግሩን የሚሄድ የላስታ ሽማግሌ ግን ቀላል ተፎካካሪ አይደለም። ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ግማሽ ወጥቶ ነው ጀርባቸውን ያየው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በሌላው ብብታቸው አንድ ነገር በነጠላ ጠቅልለው ሽቅብ ይወጣሉ። ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም።

"አያ አረጋ! አያ አረጋ፣ ይቁሙልኝ!"

ዞር አሉ። "እንዴ፣ አንተ የጫማው ሰውዬ አይደለህም? ምነው፣ ምን ሆንክ ልጄ?"

"ጫማው... የሰጠሁዎት ጫማ... የሌላ ሰው ነው። የርስዎ ይኸው።"

ሽማግሌው በብብታቸው የያዙትን አውርደው ነጠላውን ፈቱት። ሰማያዊው ጫማ እንዳለ አለ። ሸጋው ተቀብሎ ሶሉን አየ፣ እጁን ሰዶ የሐኪሙን ሥራ ዳሰሰ። አለ። አንድ ጠጠር አልነካውም።

"አላደረጉትም?"

"ምን?" አሉ አያ አረጋ ተቆጥተው። "በዚህ በድንጋዩ መንገድ? አዲስ ጫማ እኮ ነው፤ የበዓል ነው! እቤተ ማርያም ግቢ በር ላይ ስደርስ አድርጌው ገባሁ፤ ስወጣ ጠቅልዬ ያዝሁት። ሦስት ዓመቴ ነው እንዲህ ሳደርግ።"

ሸጋው እንደ ያኔው አሠልጣኙ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። ደስታ ነው፣ ድካም ነው፣ አንድ ላይ ወረደበት። ይስቃል፣ ዓይኑ ደግሞ ያነባል። ያቺ ሩጫውን ያበላሸችበት ልማድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የረገማት፣ እነሆ ዛሬ የሰው አደራ ጠብቃ አቆየችለት። እናቱን አሰባት። ሣጥኗን ከነቁልፉ ይቅር አላት።

አያ አረጋ ጸበል ከያዙበት ፕላስቲክ ጠርሙስ አጠጡት። ጫማቸውን ተቀብለው በነጠላው ጠቀለሉና መልሰው በብብታቸው ሸጎጡት።

"አያ፣ እባክዎን አሁን እንኳ ያድርጉት። ጫማ ሳይደረግ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እኔ ሙያዬ ስለሆነ ነው። ነገ ይጀምሩት።"

"ነገ ምን በዓል ነው?" አሉት አያ አረጋ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

መመለሻው ከመሄጃው ከበደ። ዳገቱ አሁን በእሱ በኩል ነው፤ ፀሐዩም ጠንክሯል። አልቸኮለም፤ አልቆመምም። እስከዚያች ዛፍ ብቻ፣ እስከዚያች አጥር ብቻ እያለ ራሱን አታለለው፤ በዚያ ክፉ ዘመን ደመቀችን በቅዳሜ ሲያታልላት እንደኖረው። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ቤተ ማርያም በር ደረሰ። የትናየት ባዶ እግሯን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። መኪናው መጥቶ ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል።

ሸጋው እያለከለከ ጫማውን እግሯ ሥር አስቀመጠ። እሷ ግራ እግሯን ከተተች፣ ቆመች፣ በዚያ እግሯ ሁለት ጊዜ ነጠር ነጠር አለች።

"ነው" አለች። "እሱው ነው። እፎይ፣ እመቤቴ!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ሄዱ።

እሑድ ማታ ደውላ ስምንተኛ ሆና መጨረሷን፣ እግሯም ደህና መሆኑን ነግራዋለች። ሸጋው ካርቶኖቹንም አልጣላቸውም፤ የካቲትን ሙሉ በአዘቦት ቀን ሲሞክራቸው ከርሞ አሁን በክር ጫማው ላይ ነው የሚያስራቸው፣ ከመስጠቱ በፊትም እግር ያያል። ይህ ግን ኋላ የመጣ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሸጋው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፏል። ደመቀች ወሬውን ከገበያ ቀድማ ሰምታለች፤ ቢሆንም ከእሱ አፍ መስማት አለባትና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ሽማግሌውን የት ላይ አገኘሃቸው አለችው። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ አላት። ደመቀችም የዚያ አገር ልጅ ናት፤ መንገዱን በእግሯ ታውቀዋለች። በጣቷ እየቆጠረች ታሰላ ጀመር።

"እስከዚያ ድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል" አለች።

"ይሆናል።"

"ሰባት ስትሄድ። ሰባት ስትመለስ።"

ሸጋው እግሩን ከውኃው ሳያወጣ ቀና ብሎ አያት። እየቀለደችበት መስሎት ነበር፤ አልቀለደችም።

"ጨረስኳት ማለት ነው?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ።

"ጨረስካት" አለችው። ጎንበስ ብላ እግሩን በየተራ ከሳፋው አወጣችና በፎጣ አደረቀችለት፤ ተረከዙን አየች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች። አንድም ውኃ የቋጠረ ቦታ አልነበረም።